የአጥንት ቆጣሪው ሳል

ከሰማይ በታች፣ ከብዙ ተራራ ኋላ አንድ አገር ነበረ። ስሙን እንዳልነግራችሁ ሳል ይዞኛል። ሳሉ ከየት እንደመጣ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ አትቸኩሉ።

በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ከማለቱ በፊት «አጥንትህ የማን ነው?» ይል ነበር። እንዴት እንዳደረ የሚጠየቀው አጥንቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ አጥንቱ ደህና ካልሆነማ ቢያድር ባያድር የማን ጉዳይ ነው! ውሃ የሚቀዳው በአጥንት፣ ዳኛ ፊት የሚቆመው በአጥንት፣ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር የሚጠለለው እንኳ በአጥንት ተራ ነበር። አንድ ጊዜ በረዶ ቢወርድ፣ መንገደኞች ዋርካው ሥር ማን ቀድሞ ይግባ ብለው አጥንት ሲቆጥሩ በረዶው አባራና ሁሉም እንደ በሰበሰ ወደ ቤቱ ሄደ ይባላል።

አገሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። ተራራው ላይ የሚኖሩት ላይ ቤት ይባላሉ። ጨዋዎች ናቸው፤ አጥንታቸው የሚመዘዘው ከጥንተ አባት ነው። ጥንተ አባት ማለት በነጭ ፈረስ ከሰማይ ወርዶ አገሩን ያቀናው የመጀመሪያው ንጉሥ ነው፤ ዐፅሙ በሐር ተጠቅልሎ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ይኖራል። ከተራራው ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ደግሞ ታች ቤት ናቸው፤ ሸክላ ሠሪዎች። እነሱ ከጭቃ ስለመጡ አጥንት የላቸውም ተብሎ ተደንግጓል። ዳብሶ ያየ የለም፤ ተደንግጓል፣ በቃ።

ስለዚህ የታች ቤት ሰው ወደ ላይ ቤት ሲወጣ ቀጥ ብሎ መሄድ አይፈቀድለትም። አጥንት እንደሌለው ሰው ትከሻውን ጥሎ፣ ጉልበቱን አላልቶ መልፈስፈስ አለበት። ይህን የሚጠብቅ ሹም በሩ ላይ ቆሟል፤ የመልፈስፈስ ሹም ይሉታል። «አንተ! ወገብህ ቀና አለ እኮ! ልፍስፍስ በል!» እያለ ሲጮኽ ይውላል። ማሰሮ በራሷ ላይ የተሸከመች ሴት እንዲያ ተልፈስፍሳ ተራራ ስትወጣ ማሰሮው እንዴት እንደማይወድቅ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም፤ ሥራው አይደለማ።

የታሪካችን ባለቤት ግን ስንሻው ነው። ስንሻው የላይ ቤት አጥንት ቆጣሪ ነበር፤ አባቱም አያቱም ቆጣሪዎች ነበሩ። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲያስቡ ስንሻው ሽማግሌዎች ፊት ይቆምና የሁለቱንም አጥንት ወደ ላይ ይቆጥራል። እገሌ የእገሌና የእገሊት ልጅ፣ እያለ አባትና እናት ሳይዘል እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። የጋብቻው ሕግ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ላይ ቤት ከላይ ቤት በቀር አያገባም። ሁለተኛው፣ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም፤ ተጋብተው ከተገኙ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ልጆቻቸውም አጥንት የለሽ ተብለው ታች ቤት ይወርዳሉ።

ሁለቱም ሕጎች ለየብቻ ሲታዩ ያማሩ ናቸው። ችግሩ ባንድ አገር መገኘታቸው ነው። ላይ ቤት እኮ ብዙ ሕዝብ አይደለም፤ ጥቂት ግቢ ነው። አንዱ ግቢ ከሌላው ሲጋባ፣ ሲጋባ ኖሮ ሙሽራው ለሙሽራዪቱ የአጎት ወይ የአክስት ልጅ ያልሆነበት ሠርግ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ሳል ተፈጠረ።

ቆጣሪው ሲቆጥር ቆይቶ የሁለቱም ሙሽሮች አያት ስም ጋ ሲደርስ «እህህ!» ብሎ ይስላል። ስሙ ሳሉ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጉባኤው ባንድ አፍ «ይማርህ!» ይላል። ቆጣሪውም «ያኑራችሁ» ብሎ ከሚቀጥለው ስም ይነሣል። ጆሮ ያልሰማው አያት እንዳልተወለደ ይቆጠራል፤ ሙሽሮቹ ባዕዳን ሆኑ፣ እልል ተባለ።

በዚህ ጥበብ ስንሻውን የሚስተካከል አልነበረም። ደረቁን ሳል፣ አክታ ያለበትን፣ ትንታ የሚመስለውን፣ ሁሉንም ያውቅበታል። በንጉሡና በንግሥቲቱ ሠርግ ላይ ከመጠን በላይ ስለሳለ ሙሽራዪቱ በመጋረጃው ውስጥ ሆና «ኧረ ይሄ ሰውዬ ሳይሞትብን ቶሎ ዳሩን!» አለች ይባላል።

አንዱ ሳል ግን የራሱ ነበር፤ ከአባቱ የወረሰው። የገዛ አጥንቱን ቆጥሮ፣ ከልጁ ጀምሮ አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ «ወንድይራድ፣ የቸሬና የ...» ይልና እህህ! አባቱ ያስተማረው እንዲሁ ነው። ልጅ ሳለ «አባባ፣ የወንድይራድ እናት ማን ናት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አባቱ ሳለበት። ከዚያ ወዲያ ስንሻው ሳሉን እንደ ስም ይዞ አደገ።

ሚስቱ ሞታበት የቀረችው አንዲት ልጅ ናት፤ እንጉዳይ ትባላለች። ስንሻው ለእሷ ያለው ፍቅር ወሰን የለውም። ምላሷ ግን፣ አቤት! ስትናገር አገር ይሰማታል። አንድ ቀን ጠዋት አባቷ እግሩን እየታጠበ ሳለ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ድልነሳን ነው የማገባው።»

«የትኛው ድልነሳ? የማን አጥንት?»

«የደብሪቱ ልጅ ነዋ። ታች ቤት።»

ስንሻው ክው አለ። ድልነሳን ያውቀዋል። መልፈስፈስ አልሆንልህ ብሎት ሹሙ ስንት ጊዜ ከበር የመለሰው ረጅም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው።

«አንቺ ልጅ አብደሻል? አጥንት የለውም እኮ!»

«ታዲያ ያን የሚያህል ጋን ምኑ ነው የሚሸከመው? ፀጉሩ?»

«ሕግ ነው! እኔ አላወጣሁት።»

«እሺ። ለማን ነው ያሰብከኝ?»

«ለባሻህ ነዋ፤ ለንጉሡ ወንድም ልጅ። ምን ይወጣለታል? ጨዋ ልጅ።»

«ባሻህ እኮ የእናቴ እህት ልጅ ነው፣ አባዬ!» አለች። «ሁለተኛው ቤት ላይ ልትስል ነው? እዚህ፣ አፍንጫችን ሥር? ሟች አያቴ አሳድጋናለች፤ ስሟን በሳል ልትውጣት ነው?»

ስንሻው ውሃው ሲቀዘቅዝ እንኳ እግሩን አላወጣም።

«ስማኝ እንግዲህ» አለች። «የአገሩን ሁሉ ሠርግ ስለህ ድረሃል። እኔ ላይ ከሳልክ ግን አባት የለኝም። ልብ አድርግ።»

ይህን ብላ ወጣች። ስንሻው ፈራ። ቆጣሪ ሆኖ ሲኖር የሰው ቤት እንዴት እንደሚፈርስ ያውቃል፤ የገዛ ቤቱ ነው አሁን የተንገዳገደው። ከባሻህ ጋር የታሰበው ሠርግም ብዙ ሳይቆይ ለአዝመራ ማግሥት ተቆርጦ ድንኳን ሁሉ ታዘዘ።

በዚህ መካከል ከጎረቤት አገር ስድብ መጣ። የጎረቤቱ ንጉሥ ግብር ላይ ተቀምጦ «የእነዚያ ሰዎች ጥንተ አባት የአያታችን በቅሎ ጫኝ ነበር» ብሎ አሳቀ አሉ። የአገሩ ንጉሥ ይህን ሲሰማ እህል አልቀምስም አለ። ግማሹ አማካሪ «ጦር ይዘመት!» አለ፤ ግማሹ «ማስረጃ ይቅረብ!» አለ። ጦሩ በአጥንት ተራ እስኪሰለፍ ሁለት ክረምት ስለሚፈጅ ማስረጃው ተመረጠ። ባሕር ተሻግሮ አጥንት የምታናግር ሊቅ ሴት አለች ተብሎ ተላከባት፣ መጣችም።

የአጥንት አዋቂ መጣች ሲባል ሕዝቡ ወጌሻ መስሎት ክንዱ የወለቀ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሁሉ ድንኳኗ በር ላይ ተሰለፈ። ሊቋ ግራ ገባት። በቋንቋችን ጥሩ አድርጋ «እኔ የሞቱትን ነው የማየው» ብትል አንዱ አንካሳ «እንግዲያው ቆይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ንጉሡ ፊት ቀርባ ነገሩን አስረዳች።

«በአጥንት ውስጥ ዘረመል የሚባል አለ። ሰው ከእናቱና ከአባቱ የሚወርሰው ጽሕፈት ነው በሉት። ሰውየው ከሞተ ሺህ ዓመት ቢያልፈውም ከአጥንቱ ይነበባል። ከሕያዋን ምራቅ ጋር ሳስተያየው ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ስንተኛው ቤት ላይ እንደሚገናኝ አውቃለሁ።»

«ስምም ይጠራል?» አለ ንጉሡ።

«ስም አያውቅም። ዝምድና ብቻ ነው።»

ስንሻው ከኋላ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቶ አላስችል ቢለው «እሜቴ፣ ያ መሣሪያዎ... ጉንፋን ይይዘዋል እንዴ?» አለ።

«ማሽን እኮ ነው፣ አባቴ» አለችው እየሳቀች። ስንሻው አልሳቀም።

ሊቋ የፈለገችው ከጥንተ አባት ራስ ቅል፣ ከጆሮው በስተኋላ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የሚቀረውን አጥንት ነው፤ ከዚያ ትንሽ ዱቄት ይበቃኛል አለች። ጉድ ፈላ! የጥንተ አባት ጆሮ ይበሳ? ከተበሳስ በኋላ አቤቱታችንን በምን ይሰማናል? ክርክሩ ሰነበተ። በመጨረሻ አቤቱታ የሚገባው በቀኝ ጆሮው ስለሆነ ግራው ይበሳ ተብሎ ተወሰነ። አዋጅ ነጋሪው ዋሻው ገብቶ፣ በቀኝ ጆሮው በኩል ተጎንብሶ «ጥንተ አባታችን ሆይ፣ ጥቂት ያምዎታል፤ የሚቃወሙ ከሆነ ይናገሩ!» ብሎ ጮኸ። ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ መልስ የለም። ዝምታው እንደ ፈቃድ ተቆጠረና ተበሳ።

ምራቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በዚያ አገር ሽማግሌ እንትፍ የሚለው ሲመርቅ ብቻ ስለሆነ የላይ ቤት ሰዎች እንዲሁ ብልቃጥ ውስጥ መትፋት ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ በአጥንት ተራው እየቀረበ «እንትፍ! ውለጂ ክበጂ!» «እንትፍ! ክፉ አይይሽ!» እያለ ተፋላት። ሊቋ በዕድሜዋ ያን ያህል ተመርቃ አታውቅም።

ለማነጻጸሪያ የታች ቤትም ምራቅ ይምጣ ስትል የመልፈስፈስ ሹሙ እነሱን ነድቶ አመጣና ለምራቅ እንኳ ተልፈስፍሰው እንዲተፉ አዘዘ። የድልነሳ እናት ደብሪቱ ከመካከላቸው ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጇን በጭቃ ያሳደገች፣ ቃል የማታሳድር ሴት ናት። ብልቃጡን ተቀብላ «እንትፍ! አጥንት የላችሁም ያለንን አጥንቱን ይቁጠርለት!» አለች። ይህ ምርቃት ይሁን እርግማን ሹሙ ሳይገባው አለፈ።

ቀኑ ደርሶ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ላይ ቤት በወንበር፣ ታች ቤት በሣር ላይ ተቀመጠ። ሊቋ ቆመች።

«በመጀመሪያ ጥንተ አባት ወንድ ነው» አለች። ጉባኤው ተነፈሰ።

«ከሰማይ መውረዱስ?» አለ ንጉሡ።

«እኔ እስካየሁት በእግሩ ነው የመጣው። በእናቱ ወገን ከቆላ ከብት አርቢዎች፣ በአባቱ ከሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ነው። ጥቂት ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወገን አለበት።»

ጉባኤው ሲያጉረመርም አዋጅ ነጋሪው ቶሎ ብሎ «ጥንተ አባታችን ቆላውን፣ ሐይቁንና ባሕሩን ገዝቷል ብላለች!» ብሎ ተረጎመው። ጭብጨባ ሆነ።

«ሁለተኛ፣ የዚህን ያህል ዘመን የቆየ ሰው ዘሩ ካልጠፋ ሁሉም ልጁ ነው። ላይ ቤት ልጆቹ ናችሁ። ታች ቤትም እኩል ልጆቹ ናችሁ። የጎረቤታችሁ ንጉሥም፣ በቅሎ ጫኞቹም ጭምር።»

ይህንን እንዴት እንደሚተረጉመው አዋጅ ነጋሪው ጠፋበት። ሣሩ ላይ ግን አንዳንድ ሰው ሳይታወቀው ወገቡን ሲያቀና ታየ።

«ሦስተኛ፣ በላይ ቤት ውስጥ ከሰባት ቤት የሚርቁ ሁለት ሰዎች አላገኘሁም። ሁላችሁም በጣም የቅርብ ዘመዳሞች ናችሁ።»

«እሰይ!» አለ ላይ ቤት በሙሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ንጹሕ አጥንት! አንድ ደም!» እልልታው ቀለጠ። ንግሥቲቱ ራሷ እልል አለች። እልልታው መሐል አንድ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ዳኛ ብቻ ቁጭ ብሎ ጣቱን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየና «ቆይ፣ ቆይ... ሰባት ቤት አልደረሰም ነው ያለችው?» አለ።

እልልታው አፍ ውስጥ ቀረ። ባልና ሚስት ተያዩ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። በሕጉ መሠረት ላይ ቤት በሙሉ ታች ቤት ሊወርድ ነው። ዓይን ሁሉ ስንሻው ላይ አረፈ። ስንሻውም ከልማዱ ብዛት «እህህ!» አለ። ጉባኤው «ይማርህ!» ብሎ አስተጋባ። ሊቋ ግን ልማዱን አታውቅም፤ «ይማርዎት አባቴ» አለችና ከቆመችበት ቀጠለች። «ለምሳሌ ንጉሡና ንግሥቲቱ...»

ንጉሡ ጉባኤውን በተነ።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ ሊቋን አስጠርቶ መሣሪያዋ ሳል እንዲማር አዘዛት፤ ስንሻው ራሱ ያስተምረዋል ተባለ። ምስኪን ስንሻው ሳጥኑ ፊት ተገትሮ ሲስል ዋለ፤ ሳጥኑ ወይ ፍንክች። ሲጨንቅ ጊዜ አማካሪዎቹ መላ መቱና አዋጅ ወጣ። ያለፈው ትዳር ሁሉ ባንድ አገር አቀፍ ሳል ይማራል፤ የወደፊቱ ግን እንደ ሕጉ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ነጋሪት ሲጎሰም ላይ ቤት በሙሉ፣ ከንጉሡ እስከ ሕፃኑ፣ ባንድ ላይ ሳለ። አሞራው ከየዛፉ በረረ። እርስ በርስ «ይማርህ፣ ይማርሽ» ተባባሉና ሁሉም ከአክስቱ ልጅ ጋር ወደ ቤቱ ገባ።

የወደፊቱስ? ታች ቤትም የጥንተ አባት አጥንት ካለው፣ ላይ ቤትም እርስ በርሱ መጋባት ካልቻለ፣ ቀሪው ስሌት ቀላል ነው። ላይ ቤት የሚያገባው ታች ቤትን ብቻ ሆነ። የባሻህ ሠርግ ተሰረዘ፤ ድንኳኑ ተፈታ። እንጉዳይ ሮጣ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ስንሻው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሳይስል፣ ልጁን ሳያጣ፣ በሕግ! ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

አገሩ ግን ተገለበጠ። የመልፈስፈስ ሹሙ በሩ ላይ እንደ ድሮው ቆሞ አሁን «ቀና በል! አጥንት እያለህ!» ማለት ጀመረ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጎብጠው የኖሩ አሮጊቶች ቀና በሉ እየተባሉ ተንገላቱ። ላይ ቤት ሽማግሌ እየላከ ወንዙ ዳር ወረፋ ያዘ። ታች ቤት ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «አጥንትህ የማን ነው?» አለ። እንዴት ፈጥኖ እንደለመደው! ደብሪቱ «እሜቴ ደብሪቱ» ካልተባለች ዞር ብላ አታይም። ከስንሻው ተልኮ ድልነሳን ለእንጉዳይ ሊጠይቅ የመጣውን ሽማግሌ ደጅ አቁማ እንዲህ አለችው፦

«እኛ ንጹሕ ነን። ዘመዱን ሲያገባ ከኖረ ላይ ቤት አንዲት ጠብታ አልገባብንም። ልጄን ከፈለጋችሁ አባትየው ራሱ ይምጣና እኔ ግቢ ቆሞ ይቁጠር። አንዲት ሳል ከሰማሁ ግን በሩ ያውላችሁ።»

ስንሻው ይህን ሲሰማ አልደነገጠም። ሰባት ቤት ድረስ አጥንቱ ውስጥ ታች ቤት አለበት እንዴ? የለበትም። እሱ እንደዚያ ነበር የመሰለው። ሊቋ ግን ልትሄድ ጓዟን ስትሸክፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጁ ድረስ መጣች።

«አባቴ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው» አለች። «ከላይ ቤት ሁሉ የእርስዎ ለየት ያለ ነው። ታች ቤት አለብዎት። ከደብሪቱ ጋር ይገናኛሉ፤ ልጆቻችሁን መነሻ አድርገን ብንቆጥር አምስተኛው ቤት ላይ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ዘመድ አገኙ!»

ስንሻው ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አምስተኛው ቤት። ሳሉ ያለበት ቤት። አባቱ ሲስል ፊቱ እንዴት ይጠቁር እንደነበር ትዝ አለው። ሊቋ ውለታ የዋለችለት መስሏት እጁን ጨብጣ ሄደች።

ከአምስት እስከ ሰባት ሁለት ቤት ጎደለ። አገሩ ሁሉ በሕጉ ሲድን እሱ ብቻ በሕጉ ተያዘ። ቢናገር ልጁ ድልነሳን ታጣለች። ቢስል ደብሪቱ ታባርረዋለች፣ ልጁም አባት የለኝም ትላለች። እንጉዳይ በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ እየዘፈነች ቀሚሷን ታሰጣ ነበር። ስንሻው አያትና ልቡ ተሰበረ፤ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ወሰነ። ስም እፈጥራለሁ አለ። «ወርቂት» እላለሁ፤ ወርቂት ያልሞተችበት ቤት የለም፣ ማን ያጣራል?

በቀጠሮው ጠዋት ወደ ደብሪቱ ግቢ ወረደ። በማሰሮና በድስት የተሞላ ግቢ ነው፤ የሸክላ መተኮሻው ጉድጓድ መሐል ላይ አለ። የሁለቱም ቤት ሰው ዙሪያውን ቆሟል። ሊገባ ሲል የታች ቤት ጎረምሶች «እሜቴ ደብሪቱ ፊት ቀጥ ብሎ አይገባም» አሉት። ስንሻው፣ የላይ ቤት ቆጣሪ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ ጉልበቱን አላልቶ ተልፈስፍሶ ገባ። ለልጁ ሲል ነው እንጂ በሕይወቱ አያደርገውም ነበር። እንጉዳይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ድልነሳም አንገቱን ደፋ።

«ቁጠር» አለች ደብሪቱ በርጩማዋ ላይ ተደላድላ።

ስንሻው ጉሮሮውን ሊጠርግ ብሎ ትዝ ሲለው ተወው።

«እንጉዳይ፣ የስንሻውና የየሻረግ። ስንሻው፣ የዘለቀና የአንጓች። ዘለቀ፣ የጥላዬና የባፈና። ጥላዬ፣ የወንድይራድና የትጓደድ።» ድምፁ ጠራ። «ወንድይራድ፣ የቸሬና የ...»

ወርቂት ሊል አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ግን በዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ለምዶ አያውቅም።

«እህህ!»

«ይማርህ» የሚል አንድም ሰው አልተገኘም። ደብሪቱ ከበርጩማዋ ብድግ አለች።

«ሳልክ!»

«ሳልኩ» አለ ስንሻው። ጉልበቱ አሁን የምሩን ተልፈሰፈሰ። «ከሳሉ ሥር ማን እንዳለች አላውቅም፣ እሜቴ። አባቴ ያስተማረኝ ሳሉን ነው።»

«አያችሁልኝ? አያችሁልኝ ላይ ቤትን?» ደብሪቱ ወደ ሰዉ ዞራ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች። «አጥንት እንዲህ አይደለም የሚቆጠረው! እኔ ልቁጠርላችሁ፣ ስሙ! ድልነሳ፣ የደብሪቱና የሽበሺ። ደብሪቱ፣ የእናትፋንታና የማሞዬ። እናትፋንታ፣ የጀማነሽና የአላምረው። ጀማነሽ፣ የያልጋነሽና የውድማ። ያልጋነሽ፣ የላቀችና የ...»

«እህህ!»

ፊቷ ደም ለበሰ። ባንድ እጇ አፏን ይዛ በሌላው ወደ ጉድጓዱ አመለከተች። «ጭስ ነው!» አለች። «ጭሱ ነው!»

ጉድጓዱ ግን ከተለኮሰ ሦስት ቀኑ ነው፤ አመዱ ቀዝቅዞ ዶሮ ይታጠብበታል።

ስንሻው ቀስ ብሎ ቀና አለ። የቸሬና የ... የላቀችና የ... አንዱ ወንዱን ጠርቶ ሴቲቱን ዋጠ፤ አንዷ ሴቲቱን ጠርታ ወንዱን ዋጠች። አምስተኛው ቤት ላይ፣ ሁለቱም። «ላቀች» አለ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ። ደግሞ ጮክ ብሎ «ላቀች!» አለ። ዕድሜውን በሙሉ ሲስልባት የኖረች የወንድይራድ እናት ስም አላት፤ ያምራል። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ከቸሬ የወለደችው አንድ ልጇ ላይ ቤት ቀርቶ ቆጣሪ ወለደ፣ አንዷ ታች ቤት ቀርታ ሸክላ ሠሪ ወለደች፤ አንዱ ወገን በእሷ፣ ሌላው በቸሬ አፈረ።

ደብሪቱ ታየዋለች። «ቸሬ ነው እንዴ ያልከው?» አለች ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ሁሉም ግን ሰማ። ዳኛው እንኳ፣ ያ ጆሮው የደከመው፣ ሰምቶ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

አምስተኛው ጣት ሳይታጠፍ እንጉዳይ ከሰዉ መሐል ወጥታ በአባቷና በደብሪቱ መካከል ቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። ስንሻው ልጁን ማየት አቃተው።

«ይማርህ፣ አባዬ» አለች። ወደ ደብሪቱም ዞረች። «ይማርሽ፣ እሜቴ።»

ድልነሳ ቀጥሎ «ይማራችሁ!» አለ። ከዚያ አንዲት የጎበጠች አሮጊት። ከዚያ ላይ ቤቱ፣ ታች ቤቱ፣ የመልፈስፈስ ሹሙ ሳይቀር፣ ባንድ አፍ «ይማራችሁ!» አሉ። ዳኛው ያቺን አምስተኛ ጣቱን አያትና ጆሮውን አከከባት።

ስንሻውና ደብሪቱ ተያዩ። «ያኑራችሁ» አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

ሠርጉ እዚያው ግቢ ሆነ። ዓመቱ ሳይዞር ሴት ልጅ ተወለደችና የአገሩ ሰው ሊጠይቅ መጣ፤ እንደ ልማዱም ሳይቀመጥ «አጥንቷ የማን ነው?» አለ። ስንሻው ሕፃኗን አቅፎ ደጅ ወጣ። ጉሮሮውን አልጠረገም። «ላቀች ትባላለች» አለ ጮክ ብሎ፣ ላይ ቤትም ታች ቤትም እስኪሰማ።

እኔም የሰማሁትን ቆጠርኩላችሁ። የሳልኩበት ቦታ ካለ እናንተ ሙሉበት።